ጥልቅ ትምህርት ለሁሉም ልጅ፤ በዘነበወርቅ ሚዛን ሲለካ

መግቢያ

ሕፃናት ሁሉ፣ የድኻም ልጅ ይሁኑ የባለጸጋ፣ ጥልቅና አስተዋይ ትምህርት ማግኘት ይገባቸዋል የሚለው ሐሳብ በብዙ ትምህርት ቤቶች መተዳደሪያ ደንብ ላይ በልዩ ልዩ አነጋገር ተጽፎ ይገኛል። ሐሳቡ መልካም ነው። መልካም በመሆኑም የሚቃወመው የለም፤ የሚቃወመው ስለ ሌለ ደግሞ የሚመረምረው የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐሳቡን መመርመር፣ በአገራችንም የትምህርት ታሪክ ውስጥ ምን እንደ ደረሰበት ማመልከት ነው። የምንመረምረውም ለማፍረስ ብለን ሳይሆን እውነተኛው ከሐሰተኛው ተለይቶ እንዲታወቅ ነው።

አስቀድመን «ጥልቅ ትምህርት» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንወስን። ብዙ ሰዎች ጥልቅ ትምህርት ሲባል የመጽሐፉ ውፍረት፣ የትምህርቱ ዓይነት ብዛት፣ የፈተናው ክብደት ወይም የመምህሩ ቁጣ ይመስላቸዋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጁ ነገሩን ራሱን ያገኘዋል ወይስ ስለ ነገሩ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ማስታወሻ ብቻ ይገለብጣል? ሁለተኛ፣ «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል? መልሱንስ በምክንያት ለማስረዳት ጊዜ ይሰጠዋል? ሦስተኛ፣ የሠራው ሥራ ታይቶ ይታረማል? ከታረመስ በኋላ እንደ ገና እንዲሠራው ይደረጋል? እነዚህ ሦስቱ ከተገኙ ትምህርቱ በዛፍ ጥላ ሥርም ቢሰጥ ጥልቅ ነው፤ ካልተገኙ ግን ሕንፃው ፎቅ ቢሆንም ጥልቀት የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር በአጭሩ የሚከተለው ነው። በአገራችን «ጥልቅ» እና «ለሁሉም» የሚባሉት ሁለት ቃላት አብረው የኖሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ትምህርት በሰፋ ጊዜ ሣሣ፤ በጠለቀም ጊዜ ጠበበ። ከዚህም የሚብስ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም ጥልቀቱን ከክፍሉ ውስጥ አውጥተን በበሩ ላይ፣ ማለት በፈተናው ላይ፣ ማቆማችን ነው። በር ላይ የቆመ ጥልቀት ወንፊት ይሆናል እንጂ ትምህርት አይሆንም።

ሀ. ዘነበወርቅ ለምን ሚዛን ሆነ

ዘነበወርቅ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ የመጣው በ1925 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ካረፉት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ በስማቸው የተጠራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል በዚሁ ስፍራ ተቋቋመ። በታኅሣሥ ወር 1958 ዓ.ም. ደግሞ በሆስፒታሉ ግቢ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የተሐድሶና የማሠልጠኛ ማእከል እንዲሆን አለርት ተመሠረተ። በ1962 ዓ.ም. የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አጠገቡ ተከፈተ። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ካገኘው ከኖርዌዩ ሐኪም ነው።

ከሩቅ አገር ለሕክምና የመጡ ብዙ ሕሙማን ከዳኑ በኋላም ወደ ትውልድ ቀዬአቸው አልተመለሱም። ዘመድ ስለሚሸሻቸው፣ ጎረቤትም ስለማያስጠጋቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ወልደው ከብደው ቀሩ። ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ የከተማው ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት ሲከመርበት የኖረው ቆሼ አለ። ከክምሩ ለኑሮ የሚሆን ነገር ለቅመው የሚተዳደሩ ሰዎች በአጠገቡ ይኖሩ ነበር፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ለማሳዘን አይደለም። ዘነበወርቅን ሚዛን ያደረገው ሌላ ነገር ነው። በአለርት አጥር ውስጥ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች ስለ አንድ በሽታ በአህጉሩ ከሚሰጠው ሁሉ የላቀውን ትምህርት ሲማሩ ኖረዋል። በሽተኛውን ራሱን አይተዋል፤ «ለምን?» ተብለው ተጠይቀዋል፤ ሥራቸው ታርሟል። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ የዚያው በሽተኛ ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ተማሪ ቤት ይሄዳል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ልጅ ከአጥሩ ውስጥ ካለው ሐኪም ጋር በዓይነቱ አንድ የሆነ፣ በመጠኑ ግን ለዕድሜው የሚስማማ ትምህርት ይገባዋል ወይስ አይገባውም? «ለሁሉም ልጅ» የሚል ትምህርት ቤት ሁሉ በመጀመሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አለበት።

ለ. «ጥልቅ» እና «ለሁሉም» እንዴት ተለያዩ

በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደርጎ ነበር። ጉባኤው እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍሪካ ለሁሉም ልጅ በነጻ እንዲዳረስ ወሰነ። አስተናጋጂቱ ኢትዮጵያ ግን ከዚህ ግብ እጅግ ሩቅ ነበረች፤ በገጠር ያለው አብዛኛው ልጅ የተማሪ ቤት ደጅ አልረገጠም። ከዚህ የተነሣ የትምህርት ሚኒስቴር ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንና ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በ1964 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» በመባል የታወቀውን ጥናት አካሄደ።

ስለዚህ ጥናት ብዙ ክፉ ተነግሮአል፤ እኛ ግን ፍርዱን በሚዛን እናድርገው። ጥናቱ ሕመሙን በትክክል አውቆታል። ትምህርት በከተማ ተከማችቷል፤ ገጠሩ ተረስቷል፤ የጥቂቶቹ የከፍተኛ ትምህርት ወጪ የብዙዎቹን ድርሻ ይበላል፤ ተምረው ሥራ ያጡ ወጣቶችም በዝተዋል ብሏል። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። መድኃኒቱ ግን ለአብዛኛው ሕዝብ ልጅ የአራት ዓመት ትምህርት ሰጥቶ ወደ እርሻውና ወደ ሥራው እንዲመለስ ማድረግ፣ ወደ ላይ የሚዘልቀውንም ቊጥር መወሰን ሆነ። እንግዲህ «ለሁሉም» የሚለው ቃል ሲገባ «ጥልቅ» የሚለው ቃል ወጣ ማለት ነው። የአራተኛ ክፍል ትምህርት መነሻ ሲሆን መልካም ነበር፤ ለብዙኃኑ ጣሪያ ሆኖ መታሰቡ ግን ጥናቱን ጣለው።

ሕዝቡ ይህን በፍጥነት ተረዳ። ጥናቱ ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆይቶ በ1966 ዓ.ም. በታወቀ ጊዜ፣ ወላጆች «የእኛ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም የባለሥልጣን ልጅ ሊቀጥል ነው» ብለው ተቈጡ። መምህራንም የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ የጥናቱም አፈጻጸም ታገደ። የየካቲት አብዮት መነሻ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ የድኻ ልጅ ትምህርት ምን ያህል ይጥለቅ የሚል ክርክር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ፊደል ያልቈጠሩ ወላጆች ሊቃውንቱ ያላዩትን አይተዋል፤ ይኸውም ትንሽ ትምህርት ለብዙዎች፣ ብዙ ትምህርት ለጥቂቶች ማለት በትምህርት አማካይነት መደብን ማጽናት መሆኑን ነው።

ከአብዮቱ በኋላ የመጡት መንግሥታት «ለሁሉም» የሚለውን ቃል አጥብቀው ያዙ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እጅግ ብዙ ጎልማሶችን ፊደል አስቈጥሯል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም በር ከፈተ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ 3 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከ15 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ይህን ሥራ የሚንቅ ሰው የገጠርን ልጅ አያውቅም። ነገር ግን ልጁ በሩን ከገባ በኋላ ምን አገኘ? እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ጥብቅነቱ መጣ፤ የመጣው ግን በመጨረሻው በር ላይ ነው። የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ። በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ከተቀመጡት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ ያህል፣ ማለት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2014ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ ይበልጡ ነበር።

ፈተናው በሐቀኝነት መሰጠቱን አንነቅፍም፤ የተበላሸ ሚዛን ከሌለ ሚዛን ይብሳልና። የምንነቅፈው ሚዛኑን ያጠበቀ ሁሉ ትምህርትን ያጠበቀ የሚመስለውን ሰው ነው። በሬውን ሣር ሳያበሉ በየቀኑ ቢመዝኑት አይሰባም። ለአሥራ ሁለት ዓመት «ለምን?» ያልተባለ ልጅ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢጠየቅ መልስ ከየት ያመጣል?

ሐ. የቅኔ ቤት ምስክርነት

ጥልቅ ትምህርት ከውጭ የመጣ ነገር፣ ለድኻም ልጅ የማይሆን ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልስ የሚሆን ምስክር በገዛ ቤታችን አለ። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ የቅኔ ጉባኤ የሚማረው ተማሪ ብዙውን ጊዜ እንጀራ ለምኖ የሚበላ፣ ደበሎ ለብሶ በሣር ጎጆ የሚያድር ነው። ይህ ድኻ ተማሪ ግን የሚጠየቀው ሥራ ዛሬ በብዙ የከተማ ክፍሎች ከሚጠየቀው የበለጠ ከባድ ነው።

የቅኔ ተማሪ የግእዙን ግሥና አገባብ ካጠና በኋላ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። በየጊዜው የሚያቀርበው አዲስ ነገር መሆን አለበት፤ የትናንቱን መድገም ወይም የሌላውን መስረቅ ነውር ነው። ቀን በዱር በገደሉ ተቀምጦ ያስባል፤ ኋላ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። መምህሩም ሰሙ ከወርቁ ጋር አልተስማማም፣ ቤቱ ጎደለ፣ ምስጢሩ ደከመ ብሎ ይመልሰዋል። ተማሪው እንደ ገና ይሠራል። ወደሚቀጥለው የሚያልፈውም የትምህርት ዓመት ስላለቀ ሳይሆን ሥራው ስለ ተካ ነው።

አንባቢ ያስተውል፤ በመግቢያው የጠየቅናቸው ሦስት ነገሮች በሙሉ እዚህ አሉ። ተማሪው ነገሩን ራሱን ይሠራል፤ ምክንያት ይጠየቃል፤ ታርሞ ይደግማል። ጥልቀቱ በየቀኑ፣ በመምህሩና በተማሪው መካከል ነው፤ በመጨረሻው ቀን በር ላይ የሚጠብቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማመስገን ሂስ አይባልም። የቅኔ ቤት ጥልቅ ነበረ፤ ለሁሉም ግን አልነበረም። ሴቶች ልጆች ከጥቂቶች በቀር አልገቡበትም። ከቅኔ በፊት ያለው የንባብና የዳዊት ትምህርት በብዙ ስፍራ ትርጉሙ ሳይነገር በቃል የሚሸመደድ፣ በአለንጋም የሚጸና ነበረ፤ ብዙዎቹ ልጆች «ለምን?» ከሚባልበት ደጅ ሳይደርሱ ቀርተዋል። ትምህርቱም ከቤተ ክርስቲያን ክልል አልወጣም። ነገር ግን በጎጃም የቅኔ መምህር የነበሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እናስብ። ሴት ነበሩ፤ ዓይነ ስውርም ነበሩ፤ ሆኖም በቅኔ መምህርነታቸው ስማቸው የታወቀ፣ ብዙ ወንዶችን ያስተማሩ ሊቅ ሆኑ። እኚህ ሰው የሚያስረዱን ሌሎቹ ሴቶችና ዓይነ ስውራን ያልደረሱት አእምሮ አንሷቸው ሳይሆን በር ተዘግቶባቸው መሆኑን ነው።

መ. ሁለቱን ቃላት ያገናኙ ሙከራዎች

ጥልቀትንና ስፋትን ያገናኘ ሰው በአዲስ አበባ ምዕራብ አልጠፋም። አስፋው የምሩ በልጅነቱ ከቡልጋ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጎዳና የኖረ፣ በኋላም በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የመማር ዕድል ያገኘ ወጣት ነበረ። ገና ተማሪ ሳለ ከትምህርት ቤቱ የሚተርፈውን ምግብ ለተራቡ ልጆች ሲያድል፣ ልጆቹ «አስተምረን» ስላሉት በዛፍ ሥር ማስተማር ጀመረ። ይህ ጅማሬ አሥረ ሐዋርያት የተባለው ነጻ ትምህርት ቤት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ሕፃናት ሽልማትን አገኘ፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜም ሥራውን አልተወም። ከዚህ ታሪክ ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው፤ ልጆቹ እንጀራ ከቀረበላቸው በኋላ ሁለተኛው ጥያቄያቸው ትምህርት መሆኑ ነው። የተራበ ልጅ ስለ ምግብ ብቻ ያስባል የሚለው ንግግር እውነቱ ግማሽ ነው።

በውጭ አገርም የሚመስል ነገር ተደርጓል። በጣልያን ተራራማ መንደር በባርቢያና ዶን ሎሬንሶ ሚላኒ የተባለ ቄስ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወድቀው የተባረሩ የገበሬ ልጆችን ሰብስቦ በቀን ለብዙ ሰዓት፣ ያለ ዕረፍት ወራት ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ስምንት ልጆች ለመምህርት የተጻፈ ደብዳቤ የሚል መጽሐፍ በጋራ ጽፈው አሳተሙ፤ የአገሪቱ ትምህርት የድኻውን ልጅ እየጣለ የባለጸጋውን ልጅ እንደሚያሳልፍ በአኃዝ አስረዱ። ደካማ ተብለው የተባረሩት ልጆች የአባረራቸውን ሥርዓት የሚመረምር ጥናት መጻፋቸው ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በደቡብ የተሞከረው «ስፒድ ስኩል» የተባለው አሠራር አለ። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 የሆነ፣ ትምህርት ያቋረጡ ወይም ጭራሹን ያልገቡ ልጆች በትንንሽ ክፍል ተሰብስበው፣ በጭውውት፣ በጨዋታና በተግባር ሥራ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በ10 ወር ይማራሉ። የእንግሊዝ አገር የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ልጆቹን ለዓመታት ተከታትለው፣ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ይልቅ አንደኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸው የላቀ መሆኑን አግኝተዋል። ይህ የሚያስረዳው የጎደለው የልጁ ችሎታ ሳይሆን የክፍሉ አሠራር እንደ ነበረ ነው።

ሠ. አንድ የትምህርት ሰዓት በምሳሌ

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር፣ ጥልቅ ትምህርት በዘነበወርቅ ምን ሊመስል እንደሚችል አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በአገራችን ብዙ ሰው ሥጋ ደዌ በዘር የሚተላለፍ ወይም የእርግማን በሽታ ነው ብሎ ያምናል። መምህሩ ይህን በሁለት መንገድ ሊያስተምር ይችላል። አንደኛው በሰሌዳ ላይ «ሥጋ ደዌ የዘር በሽታ አይደለም» ብሎ መጻፍ ነው። ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፤ በፈተናም «ሐሰት» ብለው ይመልሳሉ፤ ወደ ቤት ሲሄዱ ግን የአያታቸውን ቃል ያምናሉ።

ሁለተኛው መንገድ ከሰዎቹ ሐሳብ መነሣት ነው። ሰዎች የዘር ነው ያሉት ስለ ምንድን ነው? አባት ታመመ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ልጁ ታመመ፤ ስለዚህ ደም ነው አሉ። ይህ ሐሳብ የሞኝ ሐሳብ አይደለም፤ ያዩትን ነገር ያስረዳል። ነገር ግን ያንኑ ነገር የሚያስረዳ ሌላ ምክንያት አለ። የበሽታው ባክቴሪያ እጅግ ዝግ ብሎ የሚራባ ነው፤ ምልክቱ የሚታየው በአማካይ ከ5 ዓመት በኋላ፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በኋላ ነው። አባትና ልጅ የሚጋሩት ደም ብቻ አይደለም፤ አንድ ቤት፣ አንድ መደብ፣ አንድ አየር ይጋራሉ። እንግዲህ መምህሩ፣ «ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለማወቅ ምን ማየት አለብን?» ብሎ ይጠይቅ። ከሌላ ዘር መጥታ ያገባች ሚስት ብትታመምስ? ከታመመ አባት ተወልዶ በሌላ ቤት ያደገ ልጅስ? በዚያው ቤት አድገው ያልታመሙት ወንድሞችና እኅቶችስ? ልጆቹ እያንዳንዱን ጥያቄ ከሁለቱ ምክንያቶች ጋር ያስተያዩ፤ ጽፈውም ያምጡ፤ ታርሞም ይመለስላቸው።

በላይኛው ክፍል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። ከሰው ሁሉ የሚበዛው ክፍል በሽታውን በተፈጥሮ የሚቋቋም ነው፤ ይህም የመቋቋም ኀይል በከፊል በዘር ሊለያይ እንደሚችል ምርምር አመልክቷል። ስለዚህ «በሽታው ይወረሳል» ማለትና «የመቋቋም ኀይል ይለያያል» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መለየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ጤና ድርጅት የተቀናጁ መድኃኒቶችን ሥራ ላይ ማዋል ከመከረ ወዲህ ሕክምናውን የጀመረ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል። ታዲያ የዳነውን ሰው የሚሸሸው ጎረቤት ምን ስቷል? ልጆቹ ይህንን ራሳቸው ይድረሱበት።

በዚህ ትምህርት የዘነበወርቅ ልጅ የሚያገኘው የሳይንስ ዕውቀት ብቻ አይደለም። በወላጆቹ ላይ የደረሰው ንቀት የእግዚአብሔር ፍርድ ሳይሆን የሰው የአስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱንም ደረጃ በደረጃ ማሳየት እንደሚችል ያውቃል። የሌላ ሰፈር ልጅም አብሮት ቢማር ያንኑ ያውቃል። ለድኻ ልጅ ፊደልና ቊጥር ይበቃዋል የሚል ሰው ይህን መሣሪያ ከልጁ እጅ እየነጠቀው መሆኑን ይወቅ።

ረ. የሚነሡ መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ ስለ ራብ ነው። እውነት ነው፤ ባዶ ሆድ አያስብም። ለዚህ ግን መልሱ ትምህርቱን ማሣሣት ሳይሆን ልጁን መመገብ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ሆዱ የጠገበ ልጅ አእምሮው ተርቦ እንዳይመለስ ደግሞ የመምህሩ ሥራ ይጠበቃል።

ሁለተኛው የክፍል ብዛት ነው። ይህ ከሁሉ የከበደ መቃወሚያ ስለ ሆነ በቊጥር እንየው። አንድ መምህር 60 ተማሪዎች ቢኖሩት፣ ለእያንዳንዱ ደብተር 3 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ፣ አንዱን የቤት ሥራ ለማረም 180 ደቂቃ ወይም 3 ሰዓት ይፈልጋል። እንዲህ ያሉ ሦስት ክፍሎች ቢኖሩት 9 ሰዓት ነው። በዝቅተኛ ደመወዝ የሚኖር፣ ትርፍ ሥራ የሚፈልግ መምህር ይህን በየቀኑ ያደርጋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ነገር ግን በቀን ከየክፍሉ 10 ደብተር ብቻ ቢያርም ከሦስቱ ክፍሎች 30 ደብተር ይሆናል፤ ይህም አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ በስድስት የትምህርት ቀንም ሁሉም ተማሪ አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። በቤተ ክህነት ትምህርት የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን እንደሚያስጠና፣ በክፍልም የበሰሉት ጀማሪዎቹን ቢረዱ ሸክሙ ይቀላል። ይህ ፍጹም መፍትሔ አይደለም፤ ፍጹሙ ብዙ መምህርና ተገቢ ደመወዝ ነው። ሆኖም «አይቻልም» ብሎ ደብተርን ጨርሶ ካለማየት ይሻላል።

ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ በ1986ቱ ፖሊሲ ሥር ልጆች እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረው ከ7ኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ ነበር። በሚገባ በማያውቀው ቋንቋ «ለምን?» የተባለ ልጅ ዝም ይላል፤ መምህሩም ዝምታውን ድንቊርና ብሎ ይተረጕመዋል። ስለዚህ ማስታወሻ መገልበጥ ለሁለቱም መሸሸጊያ ይሆናል። በእንግሊዝኛ በሚሰጥ ትምህርትም ቢሆን ምክንያቱ መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ቢብላላ የትምህርቱ ክብር አይቀንስም።

አራተኛው፣ «የድኻ ልጅ ሙያ ይማር፤ ምርምር ምን ያደርግለታል?» የሚለው ነው። ይህ የ1964ቱ ሐሳብ በአዲስ ልብስ ነው። ሙያን አንንቅም። ነገር ግን አናጢም ማዕዘኑን ሲያሰላ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛም ብልሹውን ሽቦ ሲፈልግ፣ ምክንያት እየጠየቀ ነው የሚሠራው። ማሰብ ያልተማረ ባለሙያ የሌላውን ትእዛዝ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው ጥልቅ ትምህርት ለሁሉም ልጅ የሚለው ሐሳብ ከባድ ጠላት አልነበረበትም፤ የጎዱት ወዳጆቹ ናቸው። አንዳንዶቹ ለሁሉም ለማዳረስ ሲሉ አሣሡት፤ አንዳንዶቹ ክብሩን ለመጠበቅ ሲሉ ለጥቂቶች አደረጉት፤ አንዳንዶቹም በፈተና በር ላይ አቁመውት ልጆችን የሚያበጥር ወንፊት አደረጉት። የቅኔ ቤት፣ አሥረ ሐዋርያትና ሌሎቹ ሙከራዎች የሚመሰክሩት ግን የልጁ ድኽነት ለጥልቀቱ እንቅፋት እንዳልሆነ፣ ጥልቀቱም በየቀኑ ሥራ ውስጥ ካልገባ ምንም እንደማይጠቅም ነው።

ከእኛ ከተማሪዎች ብዙዎቻችን ነገ መምህራን እንሆናለን፤ መምህሮቻችንም የነገዎቹን መምህራን በማሠልጠን ላይ ናቸው። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ዓላማዬ ጥልቅ ትምህርት ለሁሉም ነው ቢለን መተዳደሪያውን ብቻ አንጠይቅ፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ልጅ ደብተር እንጠይቅ። በደብተሩ ላይ የልጁ የገዛ ራሱ ዐረፍተ ነገር አለን? አጠገቡስ የመምህሩ ቀይ ቀለም አለን? ከቀዩ ቀለም ቀጥሎ ሁለተኛው፣ የተሻለው ሥራ አለን? ሦስቱ ካሉ ትምህርት ቤቱ ቃሉን ጠብቋል። ከሌሉ ግን ልጁ ተመዘገበ እንጂ አልተማረም፤ ይህንንም በዘነበወርቅ ላለው ልጅ ለመንገር እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ መጠበቅ ግፍ ነው።